በማለዳ የመጡ ሽማግሌዎች

ጥቅምት 9 ቀን 1985፣ ሰኞ፣ ማታ 1 ሰዓት

ያው ነው፣ ደብተሬ። የግቢው በር ዛሬም አልተቀረቀረም። ገመቹ ቢመጣ ማን ይከፍትለታል ትላለች እማዬ። ወንድሜ ገመቹ አስመራ እንደ ቀረ ጦሩ ከተበተነ ዓመት ከመንፈቅ ሊሆነው ነው። የሚመጣው ጅብ ብቻ ነው። ደክሞኛል።

ት/ቤት፦ የኦሮምኛው ቁቤ፣ የላቲኑ ፊደል፣ ገና እጄ አልገባም፤ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ተማሪዎቹ ያርሙኛል። አባታችሁ ምን ይሠራል ብዬ ብጠይቅ ግማሹ ክፍል ከጦሩ አልተመለሰም አለኝ። ሁለተኛ አልጠይቅም።

ለሚ ከጉደር ልኮብኛል። ሽማግሌ ልስደድ ወይ ይላል። እሱም የዚያው ጦር ሰው ነው፤ ግራ እጁን እዚያ ትቶ፣ በሱዳን ዞሮ ገባ። አሁን የእህል መጋዘን ይጠብቃል። እማዬ ክፉ አትናገረውም፤ ግን ባየችው ቁጥር ገመቹን አላየኸውም ወይ ትለዋለች። አንገቱን ይደፋል። የሰው ልጅ ገባ፣ የኔ ቀረ ነው ነገሩ። ወንድምሽ ሳይገባ በዚህ ቤት ሠርግ የለም ብላ ዘግታዋለች። እኔ ደግሞ ሠላሳ ሞላኝ።

ሐሙስ

ለሚን፣ ሽማግሌዎቹ ይምጡ አልኩት። ለእማዬ አልነገርኳትም። ፈራሁ።

ቅዳሜ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት



ገና ጎህ ሲቀድ ሦስት ሽማግሌዎች ግቢው ውስጥ ቆመዋል። ጋቢ ተከናንበው፣ በትር ይዘው። በሩ ክፍት፣ ማን ያንኳኳል። በእነ ለሚ አገር ልጅ ለጋብቻ የሚጠየቀው በማለዳ ነው። መርዶም የሚነገረው በማለዳ ነው። ይሄን እንዴት ሳላስብ ቀረሁ?

እማዬ ፊቷን ልትታጠብ ወጣች። አየቻቸው። ጣሳው ከእጇ ወደቀ። «ኢልማ ኮ፣ ልጄን» አለች፤ ከዚያ ጩኸት ብቻ። የለሚ አጎት ኦቦ ፈይሳ «ነጋ፣ ነጋ፣ ሰላም ነው፣ በሰላም ነው የመጣነው» ይላሉ። ማን ይስማቸው። መርዶ ነጋሪም መጀመሪያ «በሰላም ነው» ነው የሚለው።

ጎረቤት አጥር ጥሶ ገባ። እድርተኛው ድንኳን ተሸክሞ ደረሰ። እኔስ? ለምን እንደመጡ እያወቅኩ አለቀስኩ። ማቆም አቃተኝ። በመጨረሻ ኦቦ ፈይሳም በትራቸውን ጥለው ቁጭ አሉ፤ የሳቸውም ልጅ አስመራ ቀርቷል ለካ።

የእድሩ ዳኛ መርዶውን ማን አመጣ ብለው ጠየቁ። ማንም። ያለ መርዶ ድንኳን አይተከልም፣ ደንብ ነው። ተሸክመው መለሱት። ሰዉ ግን አልተነሳም፣ እስከ ቀትር። ሁሉም የየራሱን ነው ያለቀሰው። ጩኸት የማይወዱት የጸሎት ቤታችን ሰዎች እንኳ ዛሬ ተዉ አላሉም።

እሁድ

ነገርኳት። የመጡት ለኔ ነው አልኳት። ምሳ አልቀመሰችም። በቃ፣ ሠርጉ ቀረ።

ረቡዕ፣ ማታ 3 ሰዓት

እማዬ ራሷ ጉደር ሰው ላከች። ሽማግሌዎቹ እሁድ ከጸሎት በኋላ ይምጡ፣ ብቻ ፀሐይ ትውጣ ብላለች። ለኔ ያለችኝ ይቺን ነው፦ ለወንድምሽ አልቅሼለታለሁ፤ ከመጣ ደግሞ እስቅለታለሁ።

ደስ ብሎኛል። ደግሞ አኩርፌያለሁ፤ ማንን እንደሆነ እንጃ።

ራት በላን። ተነስታ ወጣች። የግቢው መቀርቀሪያ ሲገባ ሰማሁ። ስለምናት የከረምኩት ነገር። ተመልሳ ተኛች።

 ቤቱ ጠበበኝ።

ወጥቼ ከፈትኩት። ሠርጉ እስኪደርስ በየማታው እኔ እከፍተዋለሁ፣ ቆርጫለሁ። ጉደር ከገባሁ በኋላ ግን ማን ይከፍትለታል?