በሦስተኛው ቤዝ አጠገብ ስለቆመችው ግመል

ለክቡር ረስል ቲብልስ
የሳንታ ብሬያ ከተማ ከንቲባና የከተማው ነዳጅ ማውጫ ቦርድ ሰብሳቢ
ካሊፎርኒያ

ክቡር ከንቲባ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ መላ ጤናዎ፣ በተለይም አንገትዎ፣ ደህና ሰንብቶ ከሆነ ደስታዬ ወሰን የለውም። ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ምክር ቤት ቀርቤ አቤት ስል፣ እርስዎና የተከበሩት አባላት ከመጀመሪያው ቃሌ እስከ መጨረሻው ራሳችሁን እየነቀነቃችሁ አዳምጣችሁኝ፣ ከዚያም ምንም ሳታደርጉ ወደ እራታችሁ ስለሄዳችሁ፣ የዞረ አንገት እንዳይኖር ሰግቼ ነው። እኔ ኢትሴል ቦካኔግራ እባላለሁ፤ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ስሆን ኳስ በዱላ እየመታን ከቤዝ ወደ ቤዝ በምንሮጥበት በትምህርት ቤታችን የሴቶች ሶፍትቦል ቡድን የሦስተኛው ቤዝ ጠባቂ ነኝ። ባያስታውሱኝ አልቀየምም፤ በስብሰባውም ላይ "ኢዛቤል" ሲሉኝ አቤት ብያለሁ።

ቅሬታዬን ከመዘርዘሬ በፊት ምስጋና ይቅደም። ከተማችን የራሷ ነዳጅ ያላት ከተማ ናት፤ የመዋኛ ገንዳችን የሚሞቀውም፣ ቤተ መጻሕፍታችን ቅዳሜ የሚከፈተውም ከጉድጓዶቿ በሚገኘው ገቢ ነው። ጉድጓዶቹ አርጅተው ምርቱ ሲያሽቆለቁል፣ ምክር ቤቱ ምርት የሚጨምር አዲስ ፓምፕ መግዛቱ የብልህ ሥራ ነበር። ይህን ስል አሽሙር የለበትም፤ አሽሙሩ ከዚህ ቀጥሎ ይመጣል።

እንደሚያውቁት አዲሱ ፓምፕ ጉድጓዱ ውስጥ ጠልቆ የሚሠራ ስለሆነ ከላይ የሚታየው ክዳኑ ብቻ ነው። እኛ ሳንታ ብሬያዎች ደግሞ ፓምፕ ስንል ከመሬት በላይ ቆማ ቀኑን ሙሉ ጭንቅላቷን ወደ ላይ ወደ ታች የምትነቀንቀውን ነው የምናውቀው። እያንዳንዷ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ቀለም ቀብተዋት፣ ሜዳ አህያ ወይም ፌንጣ ወይም ቀጭኔ ሆና፣ ስም ወጥቶላትና የሎሚ ጭማቂ ፈስሶላት ነው ሥራ የምትጀምረው። የፌንጣዋ ግራ ዓይን የእኔ ብሩሽ ሥራ ነው። ስለዚህ የአዲሱ ፓምፕ ምረቃ ዕለት ሕዝቡ ሎሚውን ይዞ ቢመጣ ያገኘው አንድ የብረት ክዳን ሆነ። ጡረታ የወጡት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ሚስተር ስታግ፣ "ምኑን ነው የምንመርቀው? የጉድጓድ መክደኛ?" አሉ። ጎረቤታችን ሚስስ ኦግልትሪ ደግሞ ክዳኑን በከዘራቸው ቆርቆር አድርገው፣ "ይሄ እንኳ ሰነፍ ነው ልጄ፤ የሚሠራ ፓምፕ ይነቀንቃል" ብለው ፈረዱበት።

ሌላ ከንቲባ ቢሆን ኖሮ ለሕዝቡ ያስረዳ ነበር። እርስዎ ግን ሩቅ አሳቢ ስለሆኑ ግመል ገዙ።

ግመሏን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስተዋውቃት። ከአሮጌ ብረታ ብረት ግቢ የተገኘች ፓምፕ ናት፤ በቆርቆሮ ሻኛ ተሠርቶላት፣ ረጃጅም የዓይን ሽፋሽፍት ተስሎላት፣ ሆዷ ውስጥ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ተገጥሞላታል። ከጉድጓድም፣ ከቧንቧም፣ ከምንም ጋር አልተያያዘችም። እውነተኛው ጉድጓድ ከቆሻሻ መኪኖች ማቆሚያ ጀርባ ስለሆነና ከአውራ ጎዳናው ስለማይታይ፣ ግመሏ ከአውራ ጎዳናው ቁልጭ ብሎ በሚታየው በእኛ መጫወቻ ሜዳ ውስጥ ተተክላ፣ ቀን ከሌት አየር ስትቀዳ ከረመች።

እንግዲህ ቅሬታዎቼ በታላቅ ትሕትና የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ ግመሏን የቀባው ከሌላ ከተማ የመጣ ቀለም ቀቢ ነው። ታናሽ ወንድሜ ቤቶ ስምንተኛ ክፍል እስኪገባ ድረስ የሚቀባትን ፓምፕ ሲመኝ የኖረ ልጅ ነው፤ በግመሏ ምረቃ ዕለት ግን የክፍሉ ልጆች እንዲያጨበጭቡ ብቻ ተፈቀደላቸው። የከተማችን ልጆች ያልቀቧት የመጀመሪያዋ ፓምፕ፣ ነዳጅ የማታወጣውም የመጀመሪያዋ ፓምፕ መሆኗ ይገጣጠማል፤ በክፉ አልተረጎምኩትም።

ሁለተኛ፣ ግመሏ የቆመችው ከሦስተኛው ቤዝ ጥቂት እርምጃ ርቃ፣ ማለትም ከእኔ ጀርባ ነው። በልምምድ ወቅት የቡድን ጓደኛዬ ሎሳ ፋሌፋ ከአጥሩ አሻግራ ልትሰደው የመታችው ኳስ የግመሏን መንጋጋ ገጭቶ ተመልሶ ጓንቴ ውስጥ ገባ። አሰልጣኛችን ፓውሊን ሳቃቸው እስኪያልቅ ጠብቀው፣ "አያችሁ ልጆች፣ ግመሏ እንኳ ከእናንተ የተሻለ ኳስ ታቀብላለች!" አሉን። ስለዚህ ቢያንስ ደመወዝ የማይከፈላት ተጫዋች ስላገኙልን እናመሰግናለን።

ሦስተኛው ከሁሉ የሚብሰው ነው፤ አራተኛም እሱው ነው። በመጪው ቅዳሜ ከዊተን ከተማ ቡድን ጋር የፍጻሜ ጨዋታ አለን። እናቶቻችን በአካፋ የደለደሉት ይህ ሜዳ ፍጻሜ ሲደረግበት የመጀመሪያው ነው፤ ትምህርቷን ለምትጨርሰው ለሎሳ ደግሞ የመጨረሻ ጨዋታዋ ነው። ነገር ግን በሊጉ ደንብ መሠረት በመጫወቻ ክልል ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ካለ ጨዋታው ወደ ተጋጣሚው ሜዳ ይዛወራል። ግመሏ ከተነቀነቀች ፍጻሜው ዊተን ይሄዳል ማለት ነው፤ ዊተኖችም እኛን ባዩ ቁጥር ራሳቸውን መነቅነቅ ጀምረዋል።

ምክር ቤት የቀረብኩት ለዚህ ነበር። ግመሏ እንድትነሳ እንኳ አልጠየቅሁም፤ ለአንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ትቁምልን ነው ያልኩት። እርስዎ "እሷን ማቆም ምርት መቀነስ ነው" አሉ። "ክቡር ከንቲባ፣ ግመሏ እኮ ከምንም ጋር አልተያያዘችም" ብልዎ፣ "የኔ ልጅ፣ ነዳጅ የአዋቂዎች ጉዳይ ነው" አሉኝ። የተከበሩት የምክር ቤት አባል ሚስስ ክረፕም፣ "እሷ ከመጣች ወዲህ ምርቱ ጨምሯል አይደል እንዴ? ታዲያ ምኑ ነው የሚያከራክረው?" ሲሉ የሁላችሁም ጭንቅላት አብሮ ወረደ፣ አብሮ ወጣ። ምርቱን የጨመረው ከክዳኑ ሥር ያለው ምስኪን ፓምፕ መሆኑን ልናገር ስል ሰዓቴ አለቀ። ወዲያውም ምርቱን በእጥፍ ለማሳደግ ሁለተኛ ግመል እንዲገዛ ሐሳብ ቀረበ። ግመል ሰርቆ አጎንብሶ ሲባል ሰምቼ አውቃለሁ፤ ግመል ገዝቶ፣ በሜዳ ተክሎ፣ አብሮ ማጎንበስን ግን ያየሁት በእናንተ ነው።

ስለዚህ ክቡርነትዎ ለቅዳሜ ጨዋታ ግመሏን እንዲያሳርፉልን፣ ለሁለተኛዋም ግመል ቢያንስ ቀለሟን ለእነ ቤቶ እንዲተዉላቸው እየለመንኩ፣ ለታላላቆች የሚገባውን ክብር ሁሉ በማቅረብ፣ ራሴን አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ዝቅ አድርጌ እሰናበታለሁ።

የእርስዎ ታዛዥ፣ ድምፅ ለመስጠት ዕድሜዋ ሊደርስ ጥቂት የቀራት
ኢትሴል ቦካኔግራ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ልብዎ እንዳይሰቀል አንድ ነገር ሳልነግርዎ ብቀር ነውር ነው። ግመሏ ከስብሰባው ማግስት ጀምሮ ቆማለች። ማብሪያ ማጥፊያዋ ከኋላ እግሯ አጠገብ ነው፤ ቁልፍ የለውም፤ ሎሳ ጫን ስታደርገው ጸጥ አለች። ሐሙስ የሊጉ ተቆጣጣሪ መጥተው፣ ዞር ዞር ብለው አይተዋት፣ "ደስ የምትል ሐውልት ናት" ብለው ፍጻሜው እዚሁ እንዲሆን ፈረሙ። ሚስስ ኦግልትሪ ዛሬም በመስኮታቸው "እንዴት አደርሽ፣ ታታሪዋ!" ይሏታል። ያኔውኑ ልነግርዎ አስቤ ነበር፤ ዳሩ ግን ዓርብ ዕለት በከተማው ሬዲዮ ቀርበው፣ ግመላችን በዚህ ሳምንት ከመቼውም በላይ ተግታ ስለሠራች ምርቱ ክብረ ወሰን ሰበረ ሲሉ ሰማሁና፣ ደስታዎን ላደፈርስ አልቻልኩም። እንግዲህ ሁለተኛዋን ሲገዙ የማትነቀነቀውን ዓይነት ይምረጡ። አንገትዎንም አደራ፤ እንዳየነው፣ ነቅናቂው ሲያርፍ ሥራው አይቆምም።