የሁለት ሜትር የሕፃን አልጋ

ለምወድሽ እታለም፣

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ? ባልሽን ጋሼን ጉንፋኑ ለቀቀው? እኔ ሆዴ ቀድሞኝ በር ከመግባቱ በቀር ደህና ነኝ። ስድስተኛ ወሬን ጨርሻለሁ። የሰው ቀሚስ ስሰፋ ውዬ የራሴ አልዘጋ ብሎኛል።

የምጽፍልሽ ግን ስልክ ላይ የማልደፍረውን ነው። ወረቀት አያፍርም።

አናጢው ባለቤቴ ከሦስት ወር በፊት ለልጃችን አልጋ ሠራሁ ብሎ ሳሎን አቆመልኝ። በስፌት ሜትሬ ብለካው ሁለት ሜትር ሆነ! ልጁ ያድጋል አለኝ። እስኪያድግ ግን ራሱ ይተኛበት ጀመር።

መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ኋላ አንጀቴ አረረ። መስታወት ፊት ቆሜ፣ አስጠላሁት ማለት ነው እያልኩ አለቀስኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሽታው እንኳ ያስመልሰኝ ስለነበር አትንካኝ ባይዋ እኔ ነበርኩ። ማቅለሽለሹ ሲለቀኝ ግን ፍላጎቴ ተመለሰ፣ ያውም ከበፊቱ ብሶ። እጁን ሆዴ ላይ፣ ትንፋሹን አንገቴ ላይ ፈለግሁ። እርጉዝ ሴት ይህን ትመኛለች ወይ እያልኩ ሳፍር ከረምኩና ማፈሩ ራሱ ሰለቸኝ።

ማክሰኞ ዕለት ጎትቼ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። አዋላጇ ፊት አስቀምጬ ጠይቃት ብለው መሬት መሬቱን አየ። ራሴ ጠየቅኋት። ደም ታይቶሽ ያውቃል፣ ቁርጠትስ አለሽ ብላ መዝገቤን አገላበጠች። ሁሉም ደህና ስለሆነ የሚያግዳችሁ የለም፣ ሕፃኑን የሚነካው ነገር የለም አለች። ስለሚመች አተኛኘት ስትነግረን የባለቤቴ ጆሮ ቲማቲም መሰለ።

እውነቱን ያወጣው ስንመለስ መንገድ ላይ ነው። ለካ ጋሼ አደራ ብሎት ኖሯል፤ እኔ መታገሥ አቅቶኝ ልጄን ገና በሦስት ወር ጽንሱ በገዛ እጄ አጣሁት፣ አንተ ተጠንቀቅ ብሎት።

እታለም፣ ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጋሼ ጓዳ የሚተኛው ስለሚያንኮራፋ ነው ስትይን አልነበር?

ባለቤቴን እዚያው ትቼ ወደ አዋላጇ ተመለስኩ። አንዲት የማውቃት ሴት እንዲህ ገጥሟት ነበር ብዬ ነገርኳት። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ፣ በዚህ ምክንያት ጽንስ አይወርድም፣ በዚያ ወር ሲወርድ አብዛኛውን ጊዜ ከጽንሱ ከራሱ ነው፣ እሷም እሱም አላጠፉም፣ ለእህትሽ ንገሪያት አለችኝ። እህቴ ናት አላልኳትም ነበር።

ይኸው ነገርኩሽ። ለጋሼም ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢለት።

አልጋውን ቅዳሜ አስቆረጥኩት። እኔ ጫፉን ያዝኩ፣ እሱ በመጋዝ ቆረጠ፤ አሁን በሕፃን ልክ ነው። ሰውየውም ወደ ቦታው ተመልሷል። የቀረውን አልጽፍልሽም፣ ታላቄ ነሽ።

ስወልድ ሁለታችሁም ኑ። የእንግዳ ክፍላችን ያለው አንድ አልጋ ብቻ ነው፤ ሌላ እንዳይሠራ አናጢውን አስምየዋለሁ።

ጤናውን አብዝቶ ይስጣችሁ፤ እንቅልፋችሁንም ያጣፍጥላችሁ።

ታናሽሽ