አርባ ደቂቃ ያልሽኝ በረራ

ልጄ ይመኙሽ፣ ያሳደገሽ አምላክ በሄድሽበት ሁሉ ይቅደምልሽ። እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን፤ ድንቹን ቆፍረን አስገብተናል፤ የአባትሽም ጉልበት ተሽሎታል።

እኔ ግን ከሐሙስ ወዲህ ልቤ አልተመለሰም። እዚያ ኖርዌይ፣ ከሐመርፌስት እስከ ትሮምሶ ያለው ርቀት ከእንጅባራ ባሕር ዳር ደርሶ መልስ ቢያህልም፣ «በአውሮፕላን አርባ ደቂቃ ብቻ ነው» ብለሽኝ ተሳፈርሽ። አርባው ደቂቃ አለፈ፤ ስልክሽ ዝግ ነው። ወንድምሽ አወቀ «ኔትወርክ ይሆናል፣ እማዬ» ቢለኝም ፊቱ ልክ አልነበረም። ላሟን ማለብ አቃተኝ። ደጅ ቆሜ ማርያምን ስማጸን አመሸሁ።

በመጨረሻ ደወልሽና «በረዶው አላሳርፍ ብሎን ወደተነሳንበት ተመለስን» ብለሽ ሳቅሽ። አባትሽም አብሮሽ ሳቀ። እኔ ስልኩን ለእሱ ሰጥቼ ጓሮ ገብቼ አለቀስኩ።

ለምታክሚያቸው በሽተኞች ስትይ መመላለስሽ እንደማይቀር አውቃለሁ። ከእንግዲህ ደርሰሽ ብቻ ንገሪኝ ልልሽ ነበር። ግን አንቺ ሰማይ ላይ ሆነሽ፣ እኔ ሳላውቅ ከጎረቤት ጋር ስስቅ መዋል አልፈልግም። እባክሽ ልጄ፣ ሳትሳፈሪ ደውይልኝ፤ ልፍራልሽ።

ድንግል በምሕረቷ ትጋርድሽ።

እናትሽ ካሳነሽ