የጋሽ ዘርጋው እንግሊዝ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13፤ ምሽት 1 ሰዓት

ሱቅ ተዘጋ። እግሬ አብጧል፤ ልቤ ግን ይጨፍራል። ምን ይዤልሽ እንደመጣሁ ብታውቂ ደብተርዬ!

ጋሽ ዘርጋው፣ የእድራችን ዳኛ፣ ዛሬም ሱቄ በር ላይ ተቀምጠው ስለ እንግሊዝ ሰበኩ። ኬንያ በእንግሊዝ እጅ ሳለች፣ ከሞያሌ ማዶ፣ የወረዳ ገዢው አስተርጓሚ ነበሩ። ነገ ዳኝነቱን ይለቃሉ። ለማን? ሲኤምሲ ለሚኖረው ለወንድማቸው ልጅ፣ ለናሆም! ኮልፌን ረግጦ አያውቅም። እንግሊዝም ሲሾም እንዲህ ነበር፣ ከአገሬው ያልተነካካ ሰው አያዳላም አሉኝ።

ሻይ ቀዳሁላቸው። ስኳር አበዛሁ። ጠየቅኩ። ገዢው ዕድሜው ስንት ነበር? ጢሙን በቅጡ ያላበቀለ ልጅ። ሙያው? ፈረስ መጋለብና የአባቱ ስም። ቋንቋ? አንዲት ቃል የለም፤ ሊለምድ ሲል ወደ ሌላ ወረዳ ያዛውሩታል። ታዲያ ማን ይገዛ ነበር?

"እኔ ነኛ፣ አስካለ" አሉኝ።

መንግሥት የሾመው ባላባት ግመል ይቀማል። ሕዝቡ ይነሳልን ብሎ ይጮሃል። ጋሽ ዘ. ለልጁ ገዢ፣ ንግሥቲቱን እያመሰገኑ ነው ብለው ይተረጉማሉ። ማታ ባላባቱ ፍየል ይልክላቸዋል። ልጁም አገሩ ሰላም ነው ብሎ ለአለቆቹ ይጽፋል። ይህን አውርተው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ሳቃችን ለየቅል።

እሑድ 14

የእድሩ አዳራሽ ጢም ብሏል። ናሆም በጥቁር መነጽር ገባ። ወግ ነውና ሐዘንተኛ ሊያጽናና ተነሳ፤ ጥቁር የለበሰችውን አልማዝን አይቶ ስለ ባሏ ነፍስ ይማር አላት። ባሏ አጠገቧ ቆሎ ይቆረጥማል።

ተነሳሁ። ጋሽ ዘርጋው፣ ያቺን የግመሎቹን ነገር ለሁላችንም ይንገሩን አልኩ፣ በአክብሮት። ደስ ብሏቸው ከነእጅ ውዝዋዜው ተረኩት። ያኔ ለቀቅኩት፦

"ታዲያ እኛ ስንጮህ፣ ለናሆም ምን ብለው ይተረጉሙለታል?"

ከኋላ አንዱ፣ "እያመሰገኑ ነው ይሉታላ" አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ! ሽማግሌው ከዘራቸውን አጥተው ወለሉን ሲዳብሱ አየሁ። አላነሳሁላቸውም። ናሆም በድምፅ ወደቀ፤ እኔን ዳኛ አድርገው መረጡ። ደስታዬን የት ላድርገው?

ማክሰኞ 16

18 ማዞሪያ ላይ ወያሎቹ ሳይቀሩ ጋሽ ዘ.ን ሲያዩ "እያመሰገኑ ነው!" ይላሉ። ልጃቸው ሰላም እያለቀሰች መጣች። እህል አልቀምስ ብለዋል፤ አንቺው ነሽ ያዋረድሻቸው፣ ሄደሽ ይቅርታ ጠይቂ አለችኝ። አዘንኩ። ሻይ እስኪፈላ።

ዓርብ 19፤ ጠዋት

ጋሽ ዘ. ሽማግሌ ላኩብኝ። እሺ፣ እታረቃለሁ አልኩ። ግን የእድሩ ሰው ፊት ቆመው፣ ባለግመሎቹ ያሉትን አንድ በአንድ፣ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ይናገሩ።

አሁን መልሳቸው መጣ። ያኔ የተረጎምኩትን አስታውሳለሁ፤ ሰዎቹ ያሉትን ግን ረስቼዋለሁ አሉ።

በቃ። ወስኛለሁ። እስኪያስታውሱ ድረስ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ የሽማግሌዎቹ ወንበር ላይ አይቀመጡም። በር ላይ ከቆሙት ጋር ይቁሙ።