ሦስት ደቂቃ ያልበቃቸው፦ የወይዘሮ ውባለም ስምዖን የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ውባለም ስምዖን ከአባታቸው ከአቶ ስምዖን ገብሬ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አስካለማርያም ወልዴ በ1956 ዓ.ም. በይርጋለም ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ደብዳቤ ሊወስድ የመጣን ሰው የቤተሰቡን ደኅንነት አንድ በአንድ ሳይጠይቁ አያሰናብቱም ነበርና ወይዘሮ ውባለም ይህን አመል እንዳለ ወረሱት። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀው ታናሽ ወንድማቸው ፍቅሩ ግን ከአባቱ የወረሰው ራሰ በራነቱን ብቻ ነው።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በይርጋለም ካጠናቀቁ በኋላ በመምህርነት ሠልጥነው ለብዙ ዓመታት የአንደኛ ክፍል ልጆችን ፊደል አስቆጥረዋል። በ1982 ዓ.ም. ከአቶ ይገዙ ታምሩ ጋር ትዳር መሥርተው ፅዮንና ኖላዊ የተባሉ ሁለት ልጆች አፍርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2001 ዲቪ ደርሷቸው ከነቤተሰባቸው ወደ ዳላስ መጡና ሌክ ሃይላንድስ በሚባል ሰፈር አፓርታማ ተከራዩ። በሳምንቱ የሕንፃውን ነዋሪ በሙሉ በስም ያውቁ ነበር። እንግሊዝኛቸው ያኔ ከሰላምታ አያልፍም፤ ለእሳቸው ግን ዋናው እሱ ነበር።

እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በአንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ምሳ አቅራቢ ሆነው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርተዋል። ልጆቹ ሚስ ዉቢ ይሏቸዋል። ሳህን ይዞ ፊታቸው የቆመን ልጅ ሁሉ እናትህ ደኅና ናት፣ አያትሽ ተሻላት፣ ሕፃኑ ጥርስ አወጣ ወይ ስለሚሉ፣ ሰልፉ አይንቀሳቀስም ተብሎ ሁለት ጊዜ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷቸዋል። ሁለቱንም ማቀዝቀዣቸው በር ላይ ለጥፈዋቸው ነበር።

የምንኖርበት አገር በምርጫ ለሁለት በተከፈለበት በዚህ ሰሞን፣ በዕድር ስብሰባችን ሳይቀር ሰው በመረጠው ፓርቲ ወንበር መለያየት ሲጀምር፣ እሳቸው በሁለቱም በኩል እየዞሩ ሰላም ይሉ ነበር። ፍቅሩ ሮውሌት ከተማ ካለው ቤቱ ሣር ላይ የተከለው የምርጫ ቅስቀሳ ምልክት እህቱን ፈጽሞ ደስ አላሰኛቸውም። እሑድ እሑድ ሲመጡ ግን አንድም ቃል ሳይናገሩ መኪናቸውን ልክ ምልክቱ ፊት ለፊት ፓርክ ያደርጉታል፤ ከመንገድ ላይ አይታይም።

እ.ኤ.አ. በ2025 ጸደይ ነገር መጣ። ስሙ ይቅርና፣ ይሠሩበት የነበረው የትምህርት ቤቶች ቦርድ የልጆቹ ወላጆች የት እንደተወለዱና ምን የመኖሪያ ወረቀት እንዳላቸው የሚጠይቅ ቅጽ ከምሳው ጋር እንዲሞላ ሐሳብ አቀረበ። የቤተሰቦቹን ቋንቋ የሚችሉና ልጆቹ የሚወዷቸው ሠራተኞች ሐሳቡ ሲጸድቅ ቅጹን እንዲያስሞሉ ከወዲሁ ታዘዙ። ወይዘሮ ውባለም እንቢ አሉ። ጡረታቸው ሊከበር ሁለት ዓመት ሲቀረው ከሥራ እንደሚሰናበቱ ተነገራቸው።

ፍቅሩ በዚያው ዕለት ኮል አድርጎ፣ «እትዬ፣ ማለቴ፣ ጆብሽን ለምን ሪስክ ታደርጊያለሽ? ፎርም እኮ ነው!» አላቸው። እሳቸውም፣ «ፍቅሩዬ፣ ቦርዱ ፊት እናገራለሁ፤ ማታ ስለሆነ መኪና አልነዳም፤ አንተ ብቻ ራይድ ስጠኝ» ብለው ስልኩን ዘጉት።

በቦርዱ ስብሰባ ላይ ለአንድ ተናጋሪ የሚፈቀደው ሦስት ደቂቃ ነው። ወይዘሮ ውባለም የፀጉር መረባቸውን እንኳ ሳያወልቁ ማይክሮፎኑ ጋ ቀረቡ። የሰባቱንም የቦርድ አባላት ስም አጥንተው ኖሮ፣ ከመጀመሪያው ወንበር ጀምረው እንዴት ነዎት፣ ባለቤትዎስ፣ ልጆችስ፣ ያ የታመመው ውሻዎስ እያሉ ቀጠሉ። ስድስተኛው ላይ ሲደርሱ ደወሉ ጮኸ። ስለ ቅጹ አንዲት ቃል አልተናገሩም። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ ፍቅሩም ኋላ ተቀምጦ ፊቱን በኮፍያው ሸፈነ። ወደ ቤት ሲመለሱ እሳቸውን የቆጫቸው ጉዳዩ ሳይነገር መቅረቱ አልነበረም። ሰባተኛዋ ሴትዮ ክንዷን በጄሶ አስራ ሳለ ሳይጠይቋት መውጣታቸው ነበር።

በሚቀጥለው ወር ሠላሳ አንድ ሰው ለመናገር ተመዘገበ። የትምህርት ቤቱ ዕቃ አጣቢ፣ እናቶች፣ ከዕድራችን የሁለቱም ወገን ሰዎች ነበሩ። ወይዘሮ ውባለም ከሰባተኛዋ ጀምረው ሰላምታቸውን ጨረሱ፤ ስለ ቅጹ የጻፉትን ሁለት ገጽ ደብዳቤ ደግሞ ሌሎቹ ተከፋፍለው አነበቡት። ፍቅሩም ተመዝግቦ ነበር። በብዙ ነገር ከእህቱ ጋር እንደማይስማማ ተናግሮ የደረሰውን ክፍል ማንበብ ጀመረ፦ «ልጆቹን በየቀኑ እናታችሁ ደኅና ናት ወይ እላቸዋለሁ። ስለሚያምኑኝ እውነቱን ይነግሩኛል። መልሳቸውን መጻፍ ከጀመርኩ ግን ነገ በምን አፌ ሰላም እላቸዋለሁ?» ወረቀቱን አጥፎ፣ ደወሉ ሳይጮኽ ወደ ወንበሩ ተመለሰ።

ሐሳቡ በአራት ለሦስት ድምፅ ወደቀ፤ ወይዘሮ ውባለምም በሥራቸው ቀጠሉ። ፍቅሩ ያቺ ክንደ ጄሶ ሴትዮ ናት የወሰነችው ብሎ ያምናል። እሳቸው ግን ክንዷ መዳኑን ብቻ ነበር የሚያወሩት። ምልክቱም ከሣሩ ላይ አልተነሣም፤ መኪናቸውንም ፊቱ ማቆም አልተዉም።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ባደረባቸው የጉበት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ የካቲት 6 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ62 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ነርሶቹን ከነልጆቻቸው ስም ያውቋቸው ስለነበር የሁለት ፈረቃ ሠራተኞች አብረው አልቅሰዋል። ባለቤታቸውን አቶ ይገዙን፣ ልጆቻቸውን ፅዮንንና ኖላዊን፣ የልጅ ልጃቸውን ዕፀ ሕይወትን፣ እንዲሁም ያለ እሳቸው እሑድ ምን እንደሚያደርግ ግራ የገባውን ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል።

ለዚህ ንባብ የተፈቀደው ሦስት ደቂቃ ነበር፤ አልፏል። ሆኖም ሰላምታ ሳይቀርብ ቢጠናቀቅ ወይዘሮ ውባለም በጣም ይቆጡ ነበርና ቤተሰቡ አንድ ልመና አለው። ከዚህ አዳራሽ ከመውጣታችሁ በፊት፣ ከምርጫው ወዲህ የተኳረፋችሁትን ሰው ፈልጉና እናትህ ደኅና ናት ወይ በሉት፤ መልሱንም እስኪጨርስ ስሙት።

አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን። እዚያም ቢሆን የሁሉንም ደኅንነት በየተራ መጠየቃቸው ስለማይቀር፣ ማንም ደወል እንዳይደውልባቸው እንለምናለን።