ሬዲዮ እያላቸው ያልሰሙት የወይዘሮ ተናኘ ማኑሄ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ተናኘ ማኑሄ ከአባታቸው ከአቶ ማኑሄ እንግዳ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አትጠገብ ደስታ በጎጃም፣ ቢቸና አካባቢ በ1930 ዓ.ም. ተወለዱ። እናታቸው ሁለተኛ ልጃቸውን አቶ ወጋየሁን በወለዱ በዓመቱ ስላረፉ፣ ተናኘ የወተት ጥርሳቸው ገና ሳይነቀል ወንድማቸውን አዝለው አሳደጉ። አቶ ወጋየሁም ጸጉራቸው እስኪሸብት ድረስ እህታቸውን የሚጠሩት «እናቴ» እያሉ ነበር።

በ1943 ዓ.ም. አክስታቸው ወደ አዲስ አበባ አምጥተው ትምህርት ቤት አስገቧቸው። ስምንተኛ ክፍልን ጨርሰው የመምህርነት ኮርስ ከወሰዱ በኋላ፣ በ1952 ዓ.ም. ላፍቶ ውስጥ፣ ያኔ ጤፍ ይዘራበት በነበረው መስክ ዳር፣ በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተቀጠሩ። በ1985 ዓ.ም. ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ከዚያ አልተነሱም። የሬዲዮ ትምህርት ሲጀመር መቀበያውን ማን ይያዝ ሲባል ለሳቸው ተሰጠ። በትምህርት ቤቱ ባትሪ ዘፈን የሚያዳምጥ መምህር ካገኙ በቃ፣ አለቀለት! ያስተማሯቸው ልጆች ዛሬም «የሬዲዮዋ እትዬ» ነው የሚሏቸው፤ እዚህ መካከላችንም ቆመዋል።

በ1957 ዓ.ም. ከከተማ አውቶቡስ ሹፌሩ ከአቶ አስረስ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው መካኒሳ ጎጆ ወጡ። ሩቲንና ሁላችንም ጆኒ የምንለውን ዮሐንስን ወለዱ። አቶ አስረስ በ1979 ዓ.ም. ሲያርፉ ለቤታቸው ትተው ከሄዱት ንብረት ዋናው፣ ባለ ሦስት ሞገዱ ትልቁ ሬዲዮ ነበር።

በዚያ ቤት የሐዘን ማስታወቂያ ሰዓት ሲደርስ የሚያወራ ሰው የለም። ወይዘሮ ተናኘ የስንቱን ዘመድ ዜና ዕረፍት ከዚያ ሬዲዮ ሰምተው፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ጎህ ሳይቀድ አውቶቡስ ተራ ወርደው ቀብር ደረሱ። ስለዚህም «አልሰማሁም ነበር» ብሎ የቀረ ሰው ከሳቸው ዘንድ ምሕረት አልነበረውም። «ሬዲዮ ነግሮህ አልሰማሁም? ጆሮህን ምን ነካው?» ይሉት ነበር። በኛ አገር በሬዲዮ ከተነገረ መርዶው ደርሷል ማለት ነው። ኋላ እሳቸውም የተፈረደባቸው በዚሁ ነው።

በ1992 ዓ.ም. ለመስቀል አቶ ወጋየሁ እህታቸውን ሊጠይቁ ከሚኖሩበት ከቢቸና መካኒሳ መጥተው ሳለ፣ ጆኒ ከሰማይ ከሳተላይት የሚቀበል ዲጂታል ሬዲዮ ሊገባ ነው የሚል ወሬ ይዞ መጣ። በዓሉ በክርክር አለቀ። ጆኒ የድሮው ስርጭት አበቃለት፣ ዝናብ ሲመጣ ይንጫጫል፣ ሲመሽ ይሸሻል፣ በጥቂት ዓመት ውስጥ ዘወር ብሎ የሚያየው የለም፣ በዲጂታሉ ግን ከለንደን የሚናገረው ሰው አጠገባችን የተቀመጠ ነው የሚመስለው ሲል ተከራከረ። አቶ ወጋየሁ ለመሆኑ የአገራችንን ጣቢያ ይይዛል ወይ ብለው ጠየቁት። ለጊዜው እንደማይዝ፣ በቅርቡ ግን እንደሚገባ ነገራቸው። «እሱማ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው!» አሉና ሳቁበት። ቢንጫጫም የሚያውቀኝ ሰው ይንጫጫብኝ እያሉም ሲተርቡት ሰነበቱ። ወይዘሮ ተናኘ ሁለቱንም እየሰሙ እንባቸው እስኪመጣ ይስቁ ነበር። እህትና ወንድም ከዚያ ወዲያ አልተያዩም።

ጥቅምት መግቢያ ላይ ጆኒ ዲጂታሉን ይዞ ገባ። ሻጩ አሮጌ ሬዲዮ ለሚያመጣ ቅናሽ አለ ስላለው፣ እናቱን ሳያማክር የአባቱን ሬዲዮ አስረክቧል። ወይዘሮ ተናኘ ነገሩ ቢከነክናቸውም «ልጄ ደክሞ ያመጣልኝን እንዴት አልፈልግም እላለሁ?» ብለው ዋጡት። መቀበያው በመስኮቱ በኩል ወደ ሰማይ ዞሮ ተቀመጠ። ድምፁ በእርግጥም ጥርት ያለ ነበር፤ የማያውቁት ቋንቋ ጥርት ብሎ ይሰማል። ጆኒ የገዛው ዓይነት የድሮውን ሞገድ ጨርሶ አይዝም። የኛ ጣቢያ መቼ ነው የሚገባው ሲሉት «በቅርቡ፣ እማዬ» ይላቸዋል። ጆኒ ክፉ ልጅ አይደለም። ለእናቱ የተሻለውን ነው የፈለገው፤ የሚያንገበግበውም ይኸው ነው።

አቶ ወጋየሁ ጥቅምት 24 ቀን በድንገት አረፉ። ቤተሰባቸው ወጉ እንደሚያዘው ማታም ጠዋትም በሬዲዮ አስነገረ። መካኒሳ የሚገኙት እህታቸው ወይዘሮ ተናኘ ማኑሄ ይስሙ ተብሎ ስማቸው ተጠራ። አስከሬኑም እሳቸውን ሲጠብቅ አደረ። እሳቸው በዚያች ማታ ከጥርት ባለው ሬዲዮ አጠገብ ቁጭ ብለው ጥጥ ይፈትሉ ነበር። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ደራርቱ ማስታወቂያውን ሰምተዋል። ከዚያ ቤት የልቅሶ ድምፅ ሲጠፋባቸው ግን፣ ልጆቹ መርዶውን ደብቀው ሽማግሌ እየጠበቁ ይሆናል ብለው ዝም አሉ። ወይ ይሉኝታ፣ ስንቱን ጨረሰው!

ኅዳር 12 ቀን፣ የሚካኤል ዕለት፣ ወይዘሮ ተናኘ ከቅዳሴ ሲወጡ አንድ የቢቸና ሰው እጃቸውን ይዞ «እግዜር ያጥናዎ፤ ከቀብሩ መቼ ተመለሱ?» አላቸው። «የማን ቀብር?» አሉት። አዝለው ያሳደጉትን ወንድማቸውን መርዶ እንዲህ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ፣ ቆመው፣ ስሙን እንኳ ከማያውቁት ሰው ሰሙ።

በማግስቱ ቢቸና ሄዱ። የወንድማቸው ባለቤት ወይዘሮ አምሳለ ከተቀመጡበት አልተነሱላቸውም። አልሰማሁም ቢሏቸው፣ «ሬዲዮ ያለው ቤት አልሰማሁም አይልም» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ስለ ዲጂታሉ ሊያስረዱ ሞከሩ። ለንደንን የሚሰማ ሬዲዮ አዲስ አበባን አልሰማ አለ ቢሉ ማን ይመናቸው? ዕድሜ ልካቸውን ሲያስረዱ የኖሩት መምህርት ይህችን ማስረዳት አቃታቸው። ወደ መቃብሩ የሚወስዳቸው ቤተሰብ እንኳ ጠፍቶ፣ በሰው በሰው ጠይቀው፣ ብቻቸውን አልቅሰው ተመለሱ።

ከዚያ ወዲያ እህል አልጥም አላቸው፤ የቆየው የደም ግፊታቸውም ጸና። ጆኒ መርካቶን አስሶ ያገለገለ የድሮ ሬዲዮ ገዝቶ ቢያመጣላቸው «አሁንማ ማንን ልሰማበት?» አሉት። ሆስፒታል ከገቡም በኋላ የሚሉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሰምታ ቀረች እንዳይሉኝ፣ በሰው ፊት ተናገሩልኝ። ይህ በቀብር ላይ አይነበብም፣ ልጁን ያዋርዳል ያሉ ዘመዶች ነበሩ። ይነበብ ያለው ጆኒ ራሱ ነው። እንግዲህ ይህን የጻፈው የባለቤታቸው ታናሽ ወንድም ግዛው አደራቸውን ያደርሳል፤ ወይዘሮ ተናኘ ማኑሄ የወንድማቸውን ሞት አልሰሙም። ቢሰሙ ኖሮ በእግራቸውም ቢሆን ይሄዱ ነበር።

ታኅሣሥ 19 ቀን 1992 ዓ.ም. በተወለዱ በ62 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ልጆቻቸው ሩቲና ጆኒ፣ የልጅ ልጃቸው ቲና፣ እንዲሁም ቢቸና የሚገኙት የወንድማቸው ባለቤትና ልጆች ከኋላቸው ቀርተዋል። ዜና ዕረፍታቸው በዚያው በድሮው ስርጭት ማታም ጠዋትም ተነግሯል፤ የቢቸናዎቹም ስም በየተራ ተጠርቷል። ቀብሩን በአንድ ቀን የገፋነው እነሱ እንዲደርሱ ብለን ነው።

ይህ እስከተጻፈበት ሰዓት ከቢቸና የመጣ ሰው የለም። አልከፋንም ብንል ዋሽተናል። ነገር ግን ወቅቱ የመውቂያ ነው፣ አውድማ ላይ ይሆናሉ፤ ባትሪም አልቆባቸው ይሆናል። ለወይዘሮ ተናኘ ያልተደረገላቸውን እኛ ለነሱ እናድርግ። አልሰሙም ብለን አምነናል፤ ወይዘሮ አምሳለ ነገ በዚያ በር ቢገቡ ተነስተን እንቀበላቸዋለን።

የሰማውንና ያልሰማውን ለይቶ የሚያውቅ አምላክ ነፍሳቸውን ተቀብሎ ከወንድማቸው ጋር ያገናኝልን። አሜን።