ራይት ያደረግኳቸው ፎቶዎች

ማክሰኞ

ሰክሬ አልነበረም። ይህ ከሁሉ በፊት ይጻፍ። በአሪየት ሠርግ ላይ የጠጣሁት አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ነው፤ እሱንም አልጨረስኩትም። ጫማዬም አልጠፋም። አውልቄ ከስፒከሩ አጠገብ ያስቀመጥኩት ራሴ ነኝ፣ ሲበቃኝ ሄጄ ያነሳሁትም ራሴ ነኝ። ዛሬ ጠዋት ግን ገበያ ውስጥ ቲማቲም ሻጯ «ቲቸር፣ እሁድ ሞቅ ብሎሽ ጨፈርሽ አሉ፤ ጫማሽም የገባበት ጠፋ አሉ» ስትለኝ፣ ሽንኩርት የሚመርጡት ሁሉ ቀና ብለው አዩኝ። ሞቅ አላለኝም። ጨፍሬያለሁ። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ችግሩ ፎቶ መኖሩ ነው። የሠርጉ ፎቶ በሙሉ የተነሳው በእኔ ስልክ ነው። ልጄ ከሐዋሳ የላከልኝ ስልክ ካሜራው ጥሩ ስለሆነ፣ አቻላ «አንቺ እያለሽ ምን ፎቶ አንሺ እንፈልጋለን» አለችኝ። አቻላ የሙሽራዋ እናት ናት። ወጣት መምህርት ሆኜ ጋምቤላ ስመጣ፣ ጤና ጣቢያ ትሠራ የነበረች ጊዜ፣ የወባ ኪኒን አፍንጫዬን ይዛ ያዋጠችኝም እሷ ናት። ከዚያ ወዲህ እምቢ ብያት አላውቅም።

እኔ ስጨፍር ስልኩን ማን እንደያዘው አላየሁም። ብቻ ሰባት ፎቶ አንስቷል። ነጠላዬ ወገቤ ላይ ታስሮ፣ እጆቼ ወደ ላይ፣ አፌ ተከፍቶ። ያስተማርኳቸው ልጆች ዛሬ የቢሮ ኃላፊዎች ናቸው። ይህን ሊያዩ አይገባም።

ውሳኔ፦ ነገ አሪየት ፎቶዎቿን ልትወስድ ከመምጣቷ በፊት ሰባቱ ይጠፋሉ። የደበዘዙትና ጭንቅላት የተቆረጠባቸውም አብረው ይጠፋሉ። ደብዛዛ ፎቶ ለሙሽራ አይሰጥም።

ፀሐይዋ በረድ ስትል ተቀምጬ ሠራሁት። ጥሩ ጥሩዎቹን አንድ በአንድ እየነካሁ ራይት አደረግኩ። ስልኩ ምልክቱን ራሱ ያደርጋል፤ ያማረ ራይት ነው። ሲያልቅ የማጥፊያውን ነካሁ። የጠፉት ለጊዜው የሚቀመጡበት መጣያ አለው፤ አንድ ወር ያቆያቸዋል። አንድ ወር ሙሉ እዚያ ተቀምጠው ማን ያያቸዋል? ባትሪው ሊያልቅ ስለነበር ውስጡን ሳላይ መጣያውንም አጸዳሁት። እስከ ወዲያኛው ይጠፋሉ፣ እርግጠኛ ነሽ ወይ፣ ብሎ በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ። እርግጠኛ ነኝ አልኩ። ሥራ በግማሽ አልተውም። ወዲያው ስልኩ ተዘጋ፤ መብራትም የለም። ነገ ቻርጅ ይደረጋል።

ረቡዕ

እንዴት ብዬ እንደምጽፈው አላውቅም። በቅደም ተከተል ልጻፈው።

አሪየት ፀጉሯ እንደ ሙሽራ ተጎንጉኖ፣ ሳቋ ከበር ጀምሮ እየተሰማ መጣች። ስልኩን ሰጠኋት። የመጀመሪያው ፎቶ እኔ ነኝ። ሁለተኛው እኔ ነኝ። ሦስተኛው የፕላስቲክ ወንበርና የአንድ ሰው ክርን። ከዚያ እንደገና እኔ፣ አፌን ከፍቼ። ሰባቱም አሉ። ደብዛዛዎቹ አሉ። ጥሩዎቹ አንድም የሉም።

ትንሽ ቆይቶ ገባኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የተማሪ ወረቀት አርሜያለሁ። ራይት ያገኘ ትክክል ነው፣ ያልፋል። ይህ ስልክ ግን ራይት ያገኘውን መርጦ ነው የሚያጠፋው። የት ትምህርት ቤት እንደተማረ አላውቅም።

አሪየት አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «የኦጁሉ አያት ዲሙዩን ያጠለቁልኝስ?» አለች ቀስ ብላ።

ዲሙይ አኝዋኮች ለጥሎሽ የሚሰጡት ሰማያዊ ጨሌ ነው። አሁን የሚሠራው የለም፤ ያለው ከጥንት የመጣው ብቻ ነው፤ ከሠርግ ወደ ሠርግ ይዞራል። የሙሽራው የኦጁሉ ቤተሰብ ከጎግ ይዞት መጣ፣ አያቲቱ በእጃቸው ለአንድ አፍታ የአሪየት አንገት ላይ አደረጉት። አሁን የወንድሟ የኦሞድ ተራ ነው። እሱም ሊያገባ ስለሆነ ቅዳሜ ማለዳ ለራሱ አማቾች ይዞት አቦቦ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ማን አንገት ላይ እንደሚሆን አይታወቅም። አንድ ጊዜ እሷ ዘንድ ማደሩን የሚያሳይ ያ ፎቶ ብቻ ነበር።

ስልክ ጠጋኙ ጋ በባጃጅ ሄድን። ገልበጥ አድርጎ አየው። «ባክአፕ አላደረግሽም፣ እማማ?»

«አላደረግኩም።»

«መጣያው ውስጥስ?»

«አጸዳሁት።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ሰው እኮ መጣያውን አይነካም። እኔ ራሴ ነክቼው አላውቅም።»

አሪየት በመንገድ ላይ አንድ ነገር ብቻ አለችኝ፦ «ደህና ይዋሉ፣ ቲቸር።» ሁልጊዜ አንቺ ነው የምትለኝ።

ምሳ አልበላሁም።

ሐሙስ

ለአቻላ ራሴ ልነግራት ሄድኩ። ልብስ ታሰጣ ነበር። ራይቱን ስነግራት እርጥቡን አንሶላ እንዳቀፈች በርጩማው ላይ ተቀመጠች፤ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። እየሳቀች ነው።

«ፈተናም እንዲህ ነበር የምታርሚው?» አለች፣ ትንፋሿ ሲመለስ። «ለካ ኦሞድ አራተኛን የደገመው በዚህ ነው።»

«ኦሞድ የደገመው ማባዛት ስለማይችል ነው» አልኩ። ይህም እውነት ነው።

ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ «ጨሌው እቤት አለ» አለች። «ልጅቱም አለች። አሮጊቷም ዓይናቸውን ሊታከሙ ስለመጡ እስከ ሰኞ አልሄዱም። እንደገና ብናነሳቸውስ?»

እኔ የፈራሁት አያቲቱን ነው። አንዴ ያጠለቁትን ሁለተኛ አጥልቁ ማለት ነውር ይሆናል ብዬ። አማርኛ አይናገሩም፤ አቻላ አስተረጎመች። ጥፋቴን በሙሉ፣ መጣያውን ሳይቀር፣ እንድትነግርልኝ ለመንኳት። አሮጊቷ እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ ረጅም ነገር ተናገሩ።

«ጥሩ ሆነ ይላሉ» አለች አቻላ። «እሁድ ፎቶ ሲነሱ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱ ሲያናድዳቸው ነው የሰነበተው።»

ትክክል ናቸው። ጨፍነው ነበር። ያንን ፎቶ ራይት ያደረግኩት እያመነታሁ ነው።

«ግን ዝም ብሎ አይጠለቅም ይላሉ። ሠርግ ከሆነ ሠርግ ይሁን። ያቺ ቀጭን ሴትዮ እንደ እሁዱ ትጨፍር ይላሉ።»

ቀጭኗ ሴትዮ እኔ ነኝ። አቻላ ከራሷ ጨምራ እንደሆነ ሁለት ጊዜ ጠየቅኳት። በልጆቿ ማለች።

ከሰዓት በኋላ አሪየት ስልኬን ተቀብላ ሰባቱን እንደገና አየች። በአንዱ ላይ ከኋላዬ ቆማ ስትስቅ ትታያለች፤ ጥርሷ በሙሉ ወጥቶ። «ይሄን ካጠፋሽ» አለች፣ «አላናግርሽም።» አንቺ ስላለችኝ የዛተችብኝን እንኳ ልብ አላልኩም።

ዓርብ

ፎቶው ተነሳ። ተነሳ። በአራት ዓይነት አቀማመጥ ተነሳ።

ቤተሰብ ብቻ ነው ተብሎ ነበር። አሥር ሰዓት ላይ የአቻላ ግቢ ማንጎ ሥር መቆሚያ አልነበረም። እሁድ የቀሩ ሰዎች ለብሰው መጡ፤ እሁድ የመጡትም ለብሰው መጡ። ስፒከሩ መጣ። ቲማቲም ሻጯ ሳትጠራ ከሚዜዎቹ መሐል ቆመች፤ ማንም አላስወጣትም። የኦጁሉ ሱፍ የተውሶ ስለነበር ባለቤቱ ለብሶት ጎሬ ሄዷል፤ ስለዚህ ሙሽራው በሰማያዊ ሸሚዝ ነው። የአሪየት ቀሚስ ጠዋት ታጥቦ ጫፉ አልደረቀም። ፎቶው ላይ ግን አይታወቅም፤ አጉልቼ አይቻለሁ።

ኦሞድ ዲሙዩን በመሐረብ ጠቅልሎ አመጣ። አያቲቱ ፈትተው፣ አንዴ በመዳፋቸው መዝነው፣ ወደ እኔ አዩ። ሁሉም ወደ እኔ አየ።

ጨፈርኩ። ምን ይደረጋል። ለስላሳም አልቀመስኩም፤ ውሃ ብቻ ነው የጠጣሁት። መጀመሪያ ላይ እንደ እንጨት ነበርኩ። በኋላ አያቲቱ ዱላቸውን ለኦጁሉ ሰጥተው ገቡና ከፊቴ ቆመው ትከሻቸውን ነቀነቁት። ከዚያ ወዲያ ሰው መኖሩን ረሳሁ።

«ዛሬም ሳትጠጪ ነው?» አለችኝ ቲማቲም ሻጯ።

«ዛሬም።»

«እንግዲህ ብትጠጪ ምን ልትሆኚ ነው?»



ጨሌው ሲጠለቅ ስልኩን ራሴ ያዝኩ። ላብ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ስለነበር የመጀመሪያው ደብዛዛ ሆነ። በሁለተኛው አሮጊቷ ጨፈኑ። «ዓይን!» ብሎ ኦሞድ በአኝዋክኛ ሲጮህ ሁሉም ሳቀ፣ እሳቸውም ሳቁ። በዚያች ቅጽበት ነካሁት። የአያቲቱ ዓይን ተከፍቷል። የአሪየት ዓይን እንባ አቅርሯል፤ ጥርሷም ይታያል። ጨሌው እያንዳንዱ ፍሬ ይቆጠራል። እሁድ እንደ ሙሽራ ደርቃ ነበር የቆመችው። ይህኛው ይበልጣል። ስለ ጥፋቴ ሰበብ ለመስጠት አይደለም፤ ፎቶውን አይቼ ነው የምለው።

እዚያው ቆሜ ወደ አሪየት ስልክ መላክ ጀመርኩ። አንዳንዶቹ ሄዱ። የጨሌው ፎቶ ላይ ኔትወርኩ ቆመ፤ አሁን ይህን ስጽፍም ክቧ እየዞረች ነው። ስልኩን መስኮቱ ላይ አስቀምጬዋለሁ። በየመሐሉ ተነስቼ አየዋለሁ። ፎቶው ላይ ግን እጄን አላሳርፍም።

ነገ መጀመሪያ የምሠራው፦

ኦሞድ የአቦቦ መኪና ላይ ሳይሳፈር መናኸሪያ መድረስ። ፎቶው ማታውን ካልሄደ በብሉቱዝ ለእሱ ስልክ መስጠት፤ መድረሱን በዓይኔ ሳላይ ጨሌው እንዳይሄድ መያዝ።

ከዚያ ለአሪየት እንዲሁ። ለኦጁሉም።

ከዚያ ስልክ ጠጋኙ ጋ ሄጄ ባክአፕ የሚሉትን እንዲያሳየኝ ማድረግ፤ እየጻፍኩ።

ቁርስ በመንገድ ላይ።

ፎቶ ቤቱ ሲከፈት በር ላይ መገኘትና ማሳተም። ለአሪየት አንድ ትልቅ፣ ጎግ ይዘውት እንዲሄዱ ለአያቲቱ አንድ ትልቅ፣ ለአቻላ አንድ። ለእኔ ከአያቲቱ ጋር የጨፈርንበትን፤ ትንሹን መጠን።